ዶሮውን ማን አረደላቸው?

የምጽፈው ልብ ወለድ ሰባተኛ ምዕራፍ የፋሲካ ዋዜማ ላይ ነው። ልጅቷ ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ቦሌ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከልጁ ጋር ማኪያቶ ትጠጣለች። ፀሐይ በመስታወቱ ይገባል፤ ይተያያሉ፤ ብዙ አይነጋገሩም፤ ሲለያዩ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ልጅቷ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ተቀምጣ በዶሮ ወጥ ትገድፋለች። አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላትም። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ስለነበር ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና እየለቀመች ትሰማኝ ነበር። ጨርሼ ቀና ስል፣

«ዶሮውን ማን አረደላቸው?» አለችኝ።

ስለ ልጁ ዓይን፣ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ መሳሳማቸው አንድ ቃል አልወጣትም። «እማዬ፣ እሱ እኮ የታሪኩ ጉዳይ አይደለም» አልኳት። «እንዴት አይደለም? አባት የለም ብለሻል፣ ወንድም የለም ብለሻል። ልጅቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቦሌ ናት። ሌሊት የበሉት ዶሮ ከየት መጣ?» ብላ ወደ ለቀማዋ ተመለሰች።

ጥያቄዋ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በፍቅር ታሪክ ላይ የወጥ ቤት ሒሳብ አይወራረድም ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። እያደር ግን ልጅቷን ዞር ብዬ ሳያት ቤት የላትም። በዓሉን እንደ መጋረጃ ከጀርባዋ ሰቀልኩት እንጂ ማንም አልደከመበትም። እኛ ጋ በዓል ከመከበሩ በፊት ይሠራል። ሰው የሚተያየውም፣ እጅ ለእጅ ሳይታሰብ የሚነካካውም እዚያ ሥራ መሃል ነው፤ ዕቃ ሲያቀብል፣ ሲላክ፣ በር ሲከፍት። ምዕራፉን ሰረዝኩት።

ቅዳሜ ሹር በሰዓት

ወረቀት አውጥቼ የዚያችን ቅዳሜ ሥራ ከንጋት ጀምሮ ደረደርኩት። ዶሮው በጠዋት ይታረዳል። በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፣ የቀረችው ላባ በእሳት ትለበለባለች፣ ከዚያ 12 ብልት ይወጣል። በጨውና በሎሚ ውሃው ኩልል እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል፤ ይህን ያሳጠረች ሴት ወጧ ሲከፈት ጠረኑ ያሳብቅባታል። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በደረቁ፣ ውሃውን ጨርሶ እስኪሟሽሽ ይቁላላል። የቸኮለች ዘይቱን ቀድማ ታፈስና ሽንኩርቱ ተጠብሶ ይቀራል፤ አይሟሟም፤ መጨረሻ ላይ ቁርጥራጩ ወጡ ውስጥ ይታያል። ቀጥሎ በርበሬ፣ ጠብ ጠብ እያለች ከምትገባ ውሃ ጋር። ውሃዋ ከዘገየች በርበሬው ያርራል፤ ያረረ በርበሬን ደግሞ ቅቤም አይታደገው። ከዚያ ንጥር ቅቤ፣ ከዚያ ብልቱ፣ ከዚያ መከለሻው፣ በመጨረሻ የተቀቀለው እንቁላል። ጠዋት 1 ሰዓት የጀመረች ሴት 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ብትቀመጥ ነው።

ስለዚህ የእኔ ልጅ 8 ሰዓት ላይ ቦሌ አይደለችም፤ ብረት ድስቱ ላይ ናት። በዚህ ጊዜ ትዕይንቱ የሞተ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ሽንኩርት ማቁላላት የሚገርም ሥራ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ከድስቱ መራቅ አይቻልም፣ ማሰብ ግን አያስፈልግም። እጅ ይታሰራል፣ አፍ ነጻ ነው። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቄ ልጁን እንዲደውል አደረግኩት። ንግግሩን ድስቱ ራሱ ከፋፈለልኝ፤ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይነጋገሩና «ቆይ» ትላለች፤ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ ታማስላለች፣ ትመለሳለች። ልጁ ያንን «ቆይ» መጠበቅ ይለምዳል። አንድ ጊዜ ትልቁን ነገር ሊናገር ሲል «ቆይ» ትለዋለች፤ ስትመለስ ሐሳቡን ቀይሮ ስለ በርበሬ ይጠይቃታል። ፎቁ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ዓይን ለዓይን አፋጥጬያቸው ያላገኘሁትን እዚህ አገኘሁት።

ሌላም ነገር አለ። ያቺ ልጅ 55 ቀን ጾማለች፤ የምትሠራውን ወጥ መቅመስ አትችልም። ጨው በቃው አልበቃውም የሚለው በዓይንና በሽታ ይገመታል፣ ካልሆነም ያልደረሰ ሕጻን ተጠርቶ ይቀምሳል። ታናሽ እህቷን የ6 ዓመት ልጅ አደረግኳትና በማንኪያ አቀመስኳት። ቀኑን ሙሉ የምታማስለውን መቅመስ ያልተፈቀደላት፣ የሚደውልላትን ልጅ ደግሞ ማየት ያልቻለች ልጅ። እዚህ ላይ ማብራሪያ የሚጨምር ጸሐፊ በርበሬውን አሳረረው ማለት ነው።

ስለ መሳሳሙም ልናገር፤ እማዬ ያለፈችው አፍራ ይመስለኛል። በሰሙነ ሕማማት ምእመናን ሰላምታ ሲለዋወጡ አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡም፤ ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና። የእኔዎቹ ግን ገና ሳምንቱ ሳይወጣ ጉንጭ ለጉንጭ። የሠራሁት ስሕተት ሲገለበጥ የምዕራፉ መጨረሻ ሆነልኝ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጉንጭ የለም፣ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ቅዳሴው ሲያልቅ ግን ቅጥር ግቢው ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ይስማል። ልጁ በዚያ ግርግር መሃል ቢያገኛት እንደማንም ሰው መሳም መብቱ ነው። ከብዙ መቶ መሳሳም አንዷ ናት፤ ከሁለቱ በቀር ማንም አያያትም።

(ማኪያቶው ወተት አለበት፤ ያኔም በሁዳዴ ነበርን። የጾም ማኪያቶ ነው ብዬ ልከራከር እችል ነበር፤ የአዲስ አበባ ካፌዎች ይሠራሉ። አልተከራከርኩም።)

ማተቡን መፈለግ

አሁን ወደ እማዬ ጥያቄ። በክርስቲያኑ ቤት ልማድ ሴት አታርድም። ወንድ የሌለበት ቤት በበዓል ዋዜማ ዶሮውን አቅፎ በር ላይ ይቆማል። ጎረቤት ይጠራል፣ ዘበኛ ይለመናል፣ ማንም ካልተገኘ መንገደኛ ይቆማል። «ወንድሜ፣ ዶሮ ታርድልናለህ?» ይባላል። የተጠየቀው ሰው እምቢ ማለት አይሆንለትም፤ «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም» ይባል የለ።

አጋጣሚ የሚያገናኛቸው ፍቅረኞች የጸሐፊ ራስ ምታት ናቸው። ታክሲ ውስጥ፣ ከዝናብ ሲጠለሉ፣ መጽሐፍ ሲወድቅ፤ አንባቢ ሁሉንም ጠግቧል። ይኼኛው ግን በየዓመቱ፣ በየሰፈሩ፣ በታወቀ ቀን የሚሆን ነው። አንዲት ልጅ በማለዳ የማታውቀውን ወንድ በር ላይ አስቁማ፣ ቢላ አስይዛ ግቢዋ የምታስገባበት ሌላ ምን ምክንያት አለ? ማንም አያማትም፤ እናቷ ራሷ ናት የላከቻት።

ዝርዝሩ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እርድ በሃይማኖት ይለያል። የክርስቲያን ቤት ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ የሙስሊም ቤትም ክርስቲያን ያረደውን። ስለዚህ ልጅቷ መንገደኛውን ከማነጋገሯ በፊት ዓይኗ አንገቱ ላይ ይሄዳል፤ ማተብ ትፈልጋለች። የወንድ አንገት ላይ ማፍጠጥ በሌላ ቀን የማይሆን ነገር ነው። ልጁም ለምን እንደምታየው ያውቃል፤ አውቆም ኮሌታውን ይከፍትላታል። ከዚያ ዶሮው ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ ክንፉ በእግር ይረገጣል፣ «በስመ አብ» ተብሎ ይታረዳል። ያልለመደ ሰው ቶሎ ይለቀውና ዶሮው እየተንፈራገጠ ግቢውን፣ የታጠበውን ልብስ፣ ቄጠማውን ሁሉ በደም ይረጨዋል።

ዛሬ እኮ ብልቱ ወጥቶ የታሸገ ዶሮ ከሱፐርማርኬት ይገዛል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። ከሱፐርማርኬት ከተገዛ ግን ያ በር አይከፈትም። ጸሐፊው በየትኛው ቤት ውስጥ እንዳለ መወሰን አለበት፤ ሁለቱን መቀላቀል ነው እንደ እኔ መጠየቅን የሚያመጣው።

ወጡ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ፈረሰኛ አለ። ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛው የሚወጣው ለአባወራ ነው። አባት በሞተበት ቤት ለማን እንደሚወጣ ማየት ልብ ይነካል፤ አንዳንዷ ለትልቁ ልጅ ታወጣለች፣ አንዳንዷ ድስቱ ውስጥ ትተወዋለች፣ አንዳንዷ ለእንግዳ። የልጅቷ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የመጣውን ልጅ ሳህን ስታነሳ፣ ጭልፋው ምን ይዞ እንደሚወጣ አንባቢ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። «ልጄን ፈቅጄልሃለሁ» የሚል ንግግር መጻፍ አያስፈልግም።

ባሕረ ሐሳብ ለፍቅር ጸሐፊ

ከዚያች ጥያቄ ወዲህ በዓል ያለበትን ምዕራፍ ቀኑን ሳላሰላ አልጀምርም። ብዙ ጸሐፊ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ታሪኩ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሚሆን ይጽፋል፣ ያ ዓመት ግን ምን እንደሚመስል አያይም። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የዘመንና የበዓላት ስሌት ቀላል ነው። 2017ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 1 ይቀራል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። አሁን 7517 እና 1879 ይደመሩ፤ 9396። ለ7 ሲካፈል የሚቀረው 2 ነው። ባዶ ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ይሄዳል። መስከረም 1 ቀን 2017 ረቡዕ ዋለ። ወራቱ 30 ቀን ስለሆኑ የየወሩ መባቻ ሁለት ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል፤ ጥቅምት 1 አርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ፣ ታኅሣሥ 1 ማክሰኞ፣ ጥር 1 ሐሙስ። ጥምቀት እንግዲህ እሑድ ነበር።

ይህ ለፍቅር ታሪክ ምን ያደርጋል? መስቀል ከእንቁጣጣሽ ሁልጊዜ በሳምንቱ ሁለት ቀን ወደፊት ነው። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ከዋለ መስቀል አርብ ይሆናል፤ በ2017 ሁለቱም የጾም ቀን ላይ ዋሉ። ረቡዕና አርብ የማይጾሙት ገናና ጥምቀት ሲውሉባቸው፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ከዚህ አይገቡም። ስለዚህ የ2017ን መስቀል ክትፎ ቀርቦ የሚተያዩበት ትዕይንት ያደረገ ሰው፣ ያ ቤት የማይጾም መሆኑን አንድ ቦታ ላይ ሊነግረን ይገባል። የሚጾም ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ ክትፎው ለቅዳሜ ይቀጠራል፣ ልጁም ለቅዳሜ መመለስ ይኖርበታል። የጾም ቀን ቀጠሮ ይፈጥራል። ሽሮ ብቻ ቀርቦ የተመለሰ ልጅ በማግስቱ እንዲመጣ በግልጽ ምክንያት ተሰጠው ማለት ነው። ለዚያኛው ቀን ደግሞ «ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለሁለት ይበቃል» ተብሏል።

ገናም ያሳስታል። ታኅሣሥ 29 ነው ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ 2016 እንደዚያ ነበር። ዋሽንግተን ያለው ገጸ ባሕርይ ይህን ላያስተውል ይችላል፤ ለእሱ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፣ ብዙ ጊዜም የሥራ ቀን ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው የሁዳዴን መግቢያ ነው። በሁዳዴ ሠርግ የለም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚመላለስ ሁዳዴም አብሮት ይሄዳል። በ2016 የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ በ2018 የካቲት 9። ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ ዋዜማ ሲቆጠር በ2016 ለመዳር 50 ቀን ነበር፣ በ2018 ግን 27 ቀን ብቻ፤ ከዚያም ላይ ሦስቱ የነነዌ ቀናት ይቀነሳሉ። አዳራሽ፣ ድንኳን፣ ወጥ ሠሪ፣ ሙሽሪት አልባሽ ሁሉ በዚያች ጠባብ በር ይጋፋሉ። ሽማግሌ ከተመለሰ፣ አባት «ላስብበት» ካለ፣ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በቃ፣ ከፋሲካ ወዲያ ነው። የአሜሪካ ፊልም ላይ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል የሚሮጠው ሰው እኛ ጋ ቅበላ ሊያልቅ ሲል የሚሮጥ ሽማግሌ ነው። የአንድ ታሪክ ዓመት በ2016 ምትክ 2018 መሆኑ ብቻ ሁለቱን ፍቅረኞች ሁለት ወር ገደማ ያራርቃቸዋል፤ እኔ ምንም መፍጠር አይጠበቅብኝም።

በነገራችን ላይ በ2018 የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የካቲት 7፣ ቅዳሜ ዋለ፤ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። በየዓመቱ «ለቫለንታይን የምትሆን አጭር ታሪክ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ቀይ ጽጌረዳ ይዞ ሥጋ ቤት ወረፋ የቆመ ልጅ ጽፌ ሰጠኋቸው። ጽጌረዳውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ረስቶት ይሄዳል።

የሙስሊሙ ቤት ሒሳብ ሌላ ነው። ጨረቃ ስለሚከተል ኢድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ይመጣል፤ በ2016 ሚያዝያ 2 የነበረው ኢድ አል ፈጥር በ2017 መጋቢት 21 ዋለ። በዚያ ዓመት ረመዳን ሙሉ በሙሉ ሁዳዴ ውስጥ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ወይም መርካቶ አጠገብ የሚሆን ታሪክ ይህን ቢዘነጋ ያሳፍራል። ለጸሐፊ ትልቁ ሀብት ግን ጨረቃ የምትታይባት ምሽት ናት። ነገ ኢድ ይሁን ከነገ ወዲያ እስከዚያች ሰዓት አይታወቅም። ልጁ ነገ ይመጣ እንደሆነ ወይም አንድ ቀን ይጨመር እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ሰማይ ያያል፤ እሷም አብራቸው ቆማ በሌላ ምክንያት ታያለች።

አደይ በጥር አትበቅልም

ወቅት ላይ አጭር ነገር ልበል፤ ለመናደድ ብዙ ምክንያት ስላለኝ። መስከረምን «ጸደይ» የሚሉ ጸሐፊዎች በዙ። አበባ አለ፣ ስለዚህ ጸደይ ነው ከሚል ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣ ሐሳብ ይመስለኛል። በእኛ ቆጠራ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ክረምቱ ራሱ እስከ መስከረም 25 ስለሚዘልቅ ደመራ የሚለኮሰው በክረምት ነው፤ ለዚህ ነው የመስቀል ዝናብ የማይገርመው፣ እርጥብ ችቦም የማይቀጣጠለው። ከመስከረም 26 ወዲያ መጸው ይባላል፤ ያማረ ቃል ነው፣ ተጥሎ ቀረ። አደይ አበባም የመስከረም ናት፤ ጥር ላይ ለፍቅረኛው አደይ የሚሰጥ ወንድ ካጋጠማችሁ ከየት እንዳመጣው ጠይቁልኝ።

ቡሄንም የፍስክ ድግስ የሚያደርጉት አሉ። ነሐሴ 13 ፍልሰታ ውስጥ ናት፤ የሚሰጠው ሙልሙል ዳቦ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን ግን ለሚለያዩ ፍቅረኞች እጠቀምበታለሁ። ክረምቱን አያቷ ጋ ልትከርም የመጣች ልጅ የምትመለስበት ቀን መቅረቡን ከዚህ የተሻለ የሚናገር የለም። በር ላይ የሚጨፍሩት ልጆች ናቸው የሚነግሯት።

ጥምቀትስ? ሎሚ ውርወራው በብዙ እጅ አልፏል፤ ሎሚው ሁሌ ደረቷ ላይ ያርፋል፣ ሁሌ ትሽኮረመማለች። እኔ ሎሚውን ትቼ ቀሚሱን ይዣለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል የሚቀድመው ሥራ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ጥለት ይመረጣል፣ ልክ ይወሰዳል፣ ሰፊው «ለከተራ ይደርሳል» ብሎ ይምላል። ጥር 10 ጠዋት እጅጌው ያልተገጠመ ቀሚስ ይዞ በሰው መሃል የሚሮጥ ወንድም፣ ከሎሚ የበለጠ ብዙ ያሳያል። ታቦት ሲወርድ ደግሞ ሰው የደብሩን ታቦት ይከተላል፤ ሁለቱ የተለያየ ደብር ልጆች ከሆኑ ጃን ሜዳ እስኪደርሱ አይገናኙም። የእሷ ደብር ሚካኤል ከሆነ ታቦቱ የሚመለሰው ጥር 12 ነውና አንድ ቀን ተጨማሪ አላት።

ማን ቀረ?

ስለ መነሻ ሐሳብ ብዙ እጠየቃለሁ። መልሴ ቤተሰብ ነው፤ ግን ጥያቄው እንዴት እንደሚቀርብ ማወቅ ያስፈልጋል። «ከአባዬ ጋር እንዴት ተዋደዳችሁ?» የተባለች እናት «ዝም ብሎ ነዋ» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ስሜት ሲጠየቅ ሰው ይዘጋል፤ ዕቃ ሲጠየቅ ይከፈታል። ያን ዓመት ገና ምን ቀን ዋለ? ቀሚሱን ማን ሰፋው? ጠላው በስንት ቀኑ ደረሰ? ፈረሰኛው ለማን ወጣ? እነዚህን በተራ ስትጠይቁ ሰውዬው ራሱ ወደ ልቡ ይመራችኋል። ከሁሉ የምታወጣው ጥያቄ ግን «ማን ቀረ?» ናት። በእያንዳንዱ በዓል የቀረ ሰው አለ፤ ለመስቀል ጉራጌ አገር ገብቶ አዲስ አበባ ያለችውን የተዋት፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራና እሷ የላከችው በግ ሲታረድ በስልክ የምታይ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ አልለቅ ብሎት ገናን ለቅዳሜ ያሸጋገረ። የቀረው ሰው ሳህን ተቀመጠለት ወይስ አልተቀመጠለትም? ታሪኩ እዚያ ይጀምራል።

ከቤተሰብ የተወሰደ ነገር ስም በመቀየር ብቻ አይደበቅም። ከተማውን፣ ሙያውንና ዝምድናውን እቀይራለሁ፤ የአክስት የነበረው የጎረቤት ይሆናል። ያም ሆኖ ዘመድ ታሪኩን በአንዲት እጀታዋ በሽቦ በታሰረች ጀበና ይለየዋል። ስለዚህ ጀበናዋን እቀይራለሁ ወይም ባለቤቷን አስፈቅዳለሁ።

እማዬን የጠየቅኳት እንዲህ ነበር። ዶሮውን ማን አረደላቸው ያለችበት ምክንያት ገብቶኛል ብዬ ነበር፤ አባዬ አንድ ቀን በራቸው ሲያልፍ ተጠርቶ ይሆናል፣ በቃ ታሪኬን አገኘሁ። «አባዬ ነው አይደል መንገደኛው?» አልኳት። ሳቀች። «አባትሽ? አባትሽማ ደም ማየት አይችልም ነበር።»

ቢላውን ሲያይ ፊቱ ይገረጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ከሠርጋቸው ቀጥሎ በመጣው የመጀመሪያው ፋሲካ ነው ያወቀችው። ከዚያ ጀምሮ በየበዓሉ ጎህ ሳይቀድ ዶሮውን በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ በር ጎረቤት ታሳርድና ትመለሳለች። ሰው ሲነቃ ዶሮው ታርዷል። አማቾቿ ሲመጡ «እሱ አርዶ ነው የወጣው» ትላቸዋለች። እኛ ልጆቹም አባታችን እንዳረደው እያመንን አደግን። ፈረሰኛው ሁልጊዜ ለእሱ ይወጣል። ያፍርም እንደሆነ ጠየቅኳት። «አንገቱን ደፍቶ ይበላል፤ ከዚያ እንቁላሉን ለእኔ ይሰጠኛል» አለች። ቀጥላ «ይቺን ግን እንዳትጽፊያት» ብላ ሁለት ወር አቆየችኝ። አንድ ቀን እንጀራ እየጋገረች ሳለች ዞር ሳትል «ጻፊያት፤ እሱም ቢኖር ይስቅ ነበር» አለችኝ።

ምዕራፉን እንደገና ጀመርኩት። ልጅቷ በማለዳ ዶሮ አቅፋ በር ላይ ቆማለች። ነጭ የለበሰ ልጅ ያልፋል፤ ማተቡን ታያለች፤ ትጠይቀዋለች። ምን እንደተጠየቀ በደንብ ሳይገባው «እሺ» ይላል። ቢላውና ዶሮው እጁ ሲገቡ ነው ፊቱ የሚለወጠው። «ግቢያችሁን እንዳላበላሽ ውጭ ልረደው» ብሎ ከአጥሩ ጥግ ይሰወራል፤ እዚያ የጎረቤቱን ዘበኛ እግሩ ላይ ወድቆ ይለምነዋል። ሲመለስ ዶሮው ታርዷል። ልጅቷ ትቀበለዋለች፤ ነጭ እጅጌው ላይ አንዲት ጠብታ ደም የለችም። አይታለች፤ ምንም አትልም። እናቷ ከውስጥ «በሰላም ያድርስህ ልጄ» ትላለች፤ ልጁ «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» ይላል፤ ሰው ሁሉ ሳያስበው የሚለውን ቃል። ልጅቷ ግን «አብሮ» የምትለዋን ሰምታ፣ ዶሮውን በእግሩ እንዳንጠለጠለች በሩን ለመዝጋት ትዘገያለች።

ይህንንም ለእማዬ አነበብኩላት። በዚህኛው ጊዜ ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጅጌው ላይ ስደርስ ለቀማዋን አቆመች። ስጨርስ ጥቂት አሰበችና፣

«ዘበኛውስ ማተብ ነበረው?» አለችኝ።